ሁለት ኮት

አንድ ነገር ሳላስረዳ ማደር አልችልም። አስተማሪ ስለሆንኩ ነው እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ። እናቴ ግን «ይኼ ልጅ ጥርስ ሳያወጣ ጡት እንዴት እንደሚጠባ ለእኔ ለራሴ ያስረዳኝ ነበር» ትላለች። ዳላስ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት የሰባተኛ ክፍል ሳይንስ አስተምራለሁ። ማርከሮቼ በቀስተ ደመና ቅደም ተከተል ነው የሚደረደሩት። የጫማዬን ክር ሳስር የሚያየኝ ሰው ካለ ቀስ ብዬ አስራለሁ፤ እንዲማርበት ነው።

ይህን ሁሉ የምነግራችሁ እንድታደንቁኝ አይደለም። ከዚህ በታች የምታነቡትን ሥራ የሠራው ምንም የማያውቅ ምስኪን ነው ብላችሁ እንዳታዝኑልኝ ነው። አውቅ ነበር። እንዲያውም በዚያው ሳምንት አስተምሬው ነበር። የሚያሳፍረውም እሱ ነው።

ነገሩ የጀመረው በቅቤ ነው። ከቅቤው በፊት ደግሞ በፍቅር።

ማህሌት ነርስ ናት። ያደገችው እዚሁ ስለሆነ አማርኛ ስታወራ ግሶቹ መንገድ ላይ ይጠፉባታል፤ ስድቡ ግን ሙሉ ነው፣ አንድም አልጎደለባትም። አባቷ አቶ ዘውዴ ዳላስ አቅራቢያ፣ ዋይሊ ውስጥ አዲስ ቤት ገዝተዋል። ሳሎናቸው ክሬም ምንጣፍ፣ ነጭ ሶፋ፣ ነጭ ግድግዳ ነው። እሳቸው ቤት የሚገባ ሰው ጫማውን ብቻ ሳይሆን ትንፋሹንም በር ላይ አውልቆ ነው የሚገባው ይባላል። እኔም ልጃቸውን በወጉ፣ ሽማግሌ ልኬ ለመጠየቅ ወሰንኩ።

«ሶ... ማለቴ፣ ለምን ዝም ብለህ እራት አትጋብዘውም?» አለችኝ ማህሌት በስልክ።

አስረዳኋት። ሽማግሌ ለምን ሦስት እንደሚሆን፣ ለምን ጉዳዩ ሳይሰማ እንደማይቀመጥ፣ አባት በመጀመሪያው ቀን እሺ ቢል ለምን ልጁን ያረከሰ እንደሚመስል፣ ሁሉንም በዝርዝር። ስጨርስ ከወዲያ በኩል ማንኮራፋት ሰማሁ።

እናቴ ደግሞ ወሬውን እንደሰማች «ባዶ እጅህን አማች ደጅ ልትቆም ነው?» አለችና በሰው እጅ ቅቤ ላከች። ተነጥሮ፣ ኮረሪማና ኮሰረት ገብቶበት፣ ባለክዳን ትልቅ ፕላስቲክ ዕቃ እስኪሞላ። ያመጣው ሰው ያረፈው አርሊንግተን ነው። አርሊንግተን በባቡር አይኬድም፤ በእግርም አይሞከርም፤ የኔ መኪና ደግሞ ያን ሰሞን ጋራዥ ነበረች። ስለዚህ የጋሽ ተፈራን ቫን ተዋስኩ።

ጋሽ ተፈራ ሌክ ሃይላንድስ በሚባል ሰፈር እኔ ያለሁበት አፓርታማ ግቢ የሚኖሩ ጎረቤቴ ናቸው። በቫናቸው ሰው ከኤርፖርት ያመጣሉ፤ ቤት የሚቀይር ሰው ዕቃም ያጓጉዛሉ። ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው። እኔን «መምህር» እያሉ ነው የሚጠሩኝ፤ ክብር ይሁን ሹፈት እስካሁን አልለየሁትም። ከቀሲስና ከአቶ ለማ ጋር ሆነው ሽምግልናውን እንዲመሩልኝ የለመንኳቸውም እሳቸውን ነው።

ቅቤውን ጠዋት፣ ወደ ሥራ ስሄድ ተቀበልኩ። በረዶ ሆኖ እንደ ድንጋይ ደርቋል። ከጎኔ ያለው ወንበር ላይ አስቀምጬው፣ መስኮቶቹን አንድ በአንድ ዘግቼ፣ ትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት ፓርክ አደረግኩ። ወሩ መስከረም ነው። የቴክሳስ መስከረም ደግሞ አደይ አበባ አያውቅም፤ አስፋልት ላይ እንቁላል የሚጠብስ ወር ነው።

የዚያን ቀን ትምህርት ርዕስ ምን እንደነበር ልንገራችሁ? «የቆመ መኪና ውስጡ ለምን እንደ ምድጃ ይሞቃል?» ነበር። ያስተማርኩት ደግሞ በመስኮቱ በኩል የጋሽ ተፈራን ቫን በጣቴ እያሳየሁ ነው።

ስመለስ ክዳኑ ጣሪያ ደርሶ ተመልሷል። ወንበሩ ቅቤ ጠጥቷል፤ ምንጣፉ ቅቤ ጠጥቷል፤ ፍሬን በያዝኩ ቁጥር የተረፈው ወደ ፊት፣ በነዳሁ ቁጥር ወደ ኋላ እየተንሸራሸረ ያልደረሰበትን ሁሉ ጎበኘ። ቀይ መብራት ላይ ስቆም አጠገቤ ካለ ፒክአፕ ውስጥ አንድ ውሻ ግማሽ አካሉን በመስኮት አውጥቶ በናፍቆት ተመለከተኝ።

«ምን ይደረግ» አሉ ጋሽ ተፈራ፣ ጭንቅላታቸውን ወደ ውስጥ ብቅ አድርገው። «ቅቤ ነው፤ ናፍጣ አይደለም። አስካለ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ድሮም ቫኑ ይሸታል ብላ አንድ ቀን ገብታበት አታውቅም። ይኼን ብታይማ ፍርድ ቤት ትወስደን ነበር።»

እሳቸው ሳቁ፤ እኔ ግን መሬት ዋጪኝ አልኩ። በማግስቱ ከኤርፖርት የጫኗቸው ፈረንጅ ሽታው የመጣበትን ምግብ ቤት አድራሻ ጠየቋቸው። ሌላዋ ተሳፋሪ ደግሞ ዋጋ ከፍላ ግማሽ መንገድ ላይ ወረደች። በዚያ ላይ በመጪው እሁድ ሦስቱን ሽማግሌዎች ወደ ዋይሊ የሚያደርሳቸው ይኸው ቫን ነው። ነጭ ሶፋ ያለው አባት ደጅ፣ ተነጥረው የወጡ ሽማግሌዎች!

«እኔ አስተካክለዋለሁ» አልኩ። በዚህች ዓለም ላይ እንደዚህች ዐረፍተ ነገር ብዙ ንብረት ያወደመ የለም።

ምንጣፉን በሳሙና አጠብኩ፤ ቅቤው በሳሙናው ተደሰተ። በኮምጣጤ ሞከርኩ፤ ሰላጣ ሸተተ። በመጨረሻ ኢንተርኔት ላይ አንድ ፂማም ሰውዬ የመኪናውን ምንጣፍ ነቅሎ ጥሎ ውስጡን በሙሉ ቤድላይነር ሲቀባ አየሁ። ቤድላይነር ማለት የፒክአፕ መጫኛ እንዳይፋቅና እንዳይዝግ የሚቀባ፣ ሲደርቅ እንደ ጎማ የሚጠነክር ጥቁር ቅብ ነው። ሰውዬው ቀብቶ ሲጨርስ ውስጡን በጎማ ቱቦ ውሃ አጠበው። ልቤ ቀለጠ። ከእንግዲህ ቅቤም ይፍሰስ፣ ወጥም ይደፋ፣ ጋሽ ተፈራ ውሃ ለቀቅ አድርገው ይገላገላሉ!

የቆርቆሮውን መመሪያ ከላይ እስከ ታች አነበብኩ። የሚሰመርበትን አሰመርኩበት። ከዚያ ለጋሽ ተፈራ ደወልኩ። ጥፋቱ ሁሉ ያለው እዚህች ጥሪ ውስጥ ስለሆነ ቃል በቃል ላስፍራት።

«ጋሽ ተፈራ፣ እሁድ ከመሄዳችን በፊት ሁለት ኮት የግድ ነው።»

«ሁለት?»

«አንዱ ብቻ አይበቃም። ባለሙያዎቹ ሁሉ የሚሉት እንደዚያ ነው።»

«በዚህ ሙቀት?»

«ሙቀቱማ ጥሩ ነው፤ ቶሎ ያደርቃል።»

«እሱስ ያደርቀናል» አሉ። የቀለዱ መስሎኝ ሳቅኩ። ትንሽ አሰብ አደረጉና «ለቀሲስና ለለማስ ልንገራቸው?» አሉኝ።

«ይንገሯቸው፤ ቢያውቁት አይከፋም» አልኩ።

እዚህ አገር ቀለም የሚቀባ ሐበሻ ሁሉ አንዱን ዙር ቅብ «ኮት» ነው የሚለው። እኔም ከሥራው ገና ብሩሹን ሳልይዝ ቋንቋውን ይዤ ነበር። ለመሆኑ ከአንድ የሥልሳ ምናምን ዓመት ሰው ጋር ስለ ሽምግልና እያወራሁ «ኮት» ስል ምን ይሰማል ብዬ አልጠየቅኩም። አስረጂ ነኝ እንጂ ጠያቂ አይደለሁም።

ቅዳሜ፣ አፓርታማው ፓርኪንግ ላይ ሥራ ጀመርኩ። ምንጣፉን ነቅዬ ጣልኩ። ብረቱን በሳሙና አጠብኩ። ከወንበሮቹ ሥር፣ ብረትና ብረት በሚገጥምበት ስንጥቅ ሁሉ ቅቤው ተደብቆ እንደቀረ አይቻለሁ። ቅባት ባለበት ብረት ላይ ቅብ እንደማይዝም አውቃለሁ፤ ዘይትና ውሃ ለምን እንደማይስማሙ ሐሙስ ዕለት በብርጭቆ በጥብጬ ለተማሪዎቼ አሳይቻለሁ። ነገር ግን ፀሐዩ በረታ፤ ወገቤ ታመመ፤ «ቅቡ ሲበዛበት ይሸፍነዋል» አልኩ። ተማሪዬ ፈተና ላይ እንዲህ ብሎ ቢጽፍ ዜሮ ነበር የምሰጠው።

መመሪያው «ስስ አድርገህ ቀባ» ይላል። ስስ የምትለው ቃል ለስስት ምን ያህል ጎረቤት እንደሆነች ያን ቀን ታየኝ። የሰው ንብረት አበላሽቶ በስስ መካስ አለ እንዴ? እንግዳ ጠርቶ ወጥ እንደማቅጠን ነው! ስለዚህ ለሙሽራ አናት ቅቤ እንደሚቀባ ቀባሁት። ጭኜ፣ መርጌ፣ ደፍድፌ። ላዩን በጣቴ ነካ ሳደርገው ደርቋል። ወዲያው ሁለተኛውን ደረብኩበት። ገንፎ ላዩ ቆዳ ሲያወጣ ውስጡ ምን እንደሚሆን ማንኪያ የጨበጠ ሕፃን ያውቃል፤ ምላሱን ያቃጠለ ሁሉ ያውቃል። እኔ ግን ዲግሪ አለኝ።

ወለሉ ካለቀ በኋላ ቅብ ተረፈኝ። እሱም ጥፋት ሆነ፤ የተረፈ ነገር መጣል አልወድም። ከሹፌሩ ጎን ያለው ወንበርና የኋላው ረጅም ወንበር ፕላስቲክ ቆዳቸው ቅቤ ስለጠጣ እነሱንም ቀባኋቸው። የሹፌሩ ወንበር ብቻ ጨርቅ ስለሆነ ተረፈ። ወደ ኋላ ራቅ ብዬ አየሁት፤ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ ሽክ ያለ። ፎቶ አንስቼ ለማህሌት ላክሁላት።

«የሌሊት ወፍ ሆድ ውስጥ ይመስላል» ብላ መለሰችልኝ። ምቀኝነት መሰለኝ።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ ግቢው ውስጥ ተሰበሰቡ። ቀሲስ ከነጭ ጋቢያቸው ጋር መጡ። የኤርፖርት ሻንጣ ክፍል የሚሠሩት አቶ ለማ ግን ከሩቅ ሲታዩ ሌላ ሰው መሰሉኝ፤ ትከሻቸው ሰፍቷል፤ ክንዳቸው ከጎናቸው አልጋጠም ብሏል፤ ላባቸው ከአገጫቸው ይንጠባጠባል። ሲቀርቡ አየሁ። ኮት ላይ ኮት ደርበዋል።

«አቶ ለማ፣ ደህና ነዎት?» አልኩ።

«ደህና? ደህና ትላለህ እንዴ! ምን ዓይነት አማች ነው ያገኘኸው አንተ ልጅ? አንድ ኮት የለበሰ ሽማግሌ አያስገባም አሉ?»

ከኋላቸው ጋሽ ተፈራ ጥቁር ኮት ለብሰው፣ ግራጫ ኮት ክንዳቸው ላይ አንጥፈው ብቅ አሉ። «እኔ እዚያው በሩ ላይ ስንደርስ ነው የምደርበው» አሉ። «ይኼ ግራጫው፣ የዜግነት መሐላ የፈጸምኩ ቀን አስካለ የገዛችልኝ ነው። ለትልቅ ቀን ነው የማወጣው። ሁለት ኮት የግድ ነው ብለህ የለ?»

ላስረዳ አፌን ከፈትኩ። ስለ ቅብ፣ ስለ ዙር፣ ስለ እንግሊዝኛ። እነዚህን ሰዎች ግን በዚያ ፀሐይ ሁለት ኮት ያስለበስኳቸው እኔ መሆኔን ከምናገር አቶ ዘውዴ ላይ ማላከኩ ቀለለኝ። «ትንሽ... ጥብቅ ሰው ናቸው» አልኩ። አዎ፣ እንዲህ ብያለሁ። ገና ያልሰጡኝን ልጅ አባት አማሁ።

ቀሲስ የፊተኛውን በር ከፈቱና ለመቀመጥ ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። በሩ ሲከፈት የወጣው ሙቀት የጎማ ፋብሪካ ውስጥ ቅቤ የሚነጠር ይመስል ነበር። አንድ ነገር አላማረኝምና ወንበሩን በጣቴ ነካሁት። ጣቴ ገባ። ላዩ ቆዳ ሆኗል፤ ሥሩ ግን ሬንጅ ነው። ጣቴን ሳወጣው ጥቁር ክር ተከትሎኝ መጣ።

«ምነው?» አሉ ጋሽ ተፈራ።

«ትንሽ አልደረቀም።»

«ትንሽ ስንት ነው?»

የቀጠሮው ሰዓት ደርሷል። ሌላ መኪና የለም። አቶ ዘውዴ ደግሞ ያረፈደ ሰው ስልክ የማያነሱ ሰው ናቸው፤ ዛሬ ካልሆነ የሚቀጥለው ቀጠሮ መቼ እንደሚሆን ማህሌትም አታውቅም። ሁሉም ቆሙ፤ ሁሉም እኔን አዩኝ። እኔ ጣቴን አየሁ።

ጋሽ ተፈራ ክንዳቸው ላይ የነበረውን ግራጫ ኮት አራገፉ። የፊተኛው ወንበር ላይ አስተካክለው አነጠፉት፤ ጀርባው ወደ መደገፊያው፣ እጅጌዎቹ በግራና በቀኝ። በእጃቸው መዳፍ ዳበስ ዳበስ አደረጉትና «ቀሲስ፣ ይቀመጡ» አሉ። ቀጥለው የለበሱትን ጥቁር ኮት አውልቀው ከኋላ አነጠፉ።

«ለማ፣ አምጣ።»

«ሁለቱንም?»

«ሁለቱንም።»

«የላይኛው የወንድሜ ነው!»

«ወንድምህም እዚህ ቢኖር አንጥፍ ነበር የምለው።»

እኔ ምን ማለት ነበረብኝ? «አይሆንም ጋሽ ተፈራ፣ ይኼንንስ አያንጥፉ» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ሴት ልጅ ለመጠየቅ እየሄድኩ ነበርና የእትዬ አስካለን ኮት በዓይኔ እያየሁ ዝም አልኩ። ከዚህ ወግ ውስጥ አሁንም እንቅልፍ የሚነሳኝ ይህ ነው።

መንገዱን አልተርክላችሁም። ሽታው እንዳያፍነን መስኮቱን ሁሉ ከፍተን፣ የቀሲስ ጋቢ እንደ ባንዲራ እየተውለበለበ፣ በአውራ ጎዳናው በረርን። እኔም የራሴ ጣጣ ነበረብኝ፤ ወለሉ ጫማዬን ይዞታል። ነዳጅ ረግጬ ስለቅ እግሬ ከጫማዬ ይወጣል እንጂ ጫማዬ ከወለሉ አይነሳም።

ዋይሊ፣ አቶ ዘውዴ በር ላይ ደረስን። ሽማግሌዎቹ ወረዱ። ኮቶቹ አልወረዱም። አቶ ለማ ከወንበሩ ሲነሱ ሸራ ሲቀደድ የሚሰማውን ዓይነት ድምፅ አሰሙ። ሙቀቱ ቅቡን በኮቱ ውስጥ አሳልፎት የሱሪያቸው መቀመጫ ላይ ሁለት ጥቁር ክብ ተስሏል። የጋሽ ተፈራም እንዲሁ። የቀሲስ ጋቢ ጠርዙ ላይ ጥበብ አውጥቷል፤ ባለ አንድ ቀለም ጥበብ።

«ለሽምግልና ነው የመጣነው ወይስ ጎማ ልንቀይር?» አሉ አቶ ለማ፣ አንገታቸውን ጠምዝዘው ኋላቸውን ለማየት እየታገሉ።

«ፊትህን ብቻ አሳይ» አሉ ጋሽ ተፈራ። «ወደ ኋላ የሚዞር የለም። የሚቀመጥም የለም።»

ጠያቂው ልጅ አብሮ አይገባምና እኔ ቫኑ ውስጥ ቀረሁ። የሆነውን የሰማሁት ማህሌት ከወጥ ቤት በምትልክልኝ መልእክት ነው።

«ገቡ። ጫማ አወለቁ። ጉድ።»

ቀጥሎ «አባዬ ተቀመጡ አላቸው። አልቀመጥም አሉ። ለምን???»

ምክንያቱን ከቅቤው ጀምሬ ጻፍኩላት። «ረዝሟል። አላነበብኩትም» አለችኝ።

ከዚያ «ጋሽ ተፈራ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አለ። አባዬ እንባ መጣበት! እንደዚህ ወግ የሚያውቅ ሰው እዚህ አገር አለ ወይ እያለ ነው። ይኼ ጥሩ ነው መጥፎ ነው?»

ስቲሪንጉን ሳምኩት። ጸሎትም አደረግኩ። ውርደቴ ወግ ሆኖ ተቆጠረልኝ! ይህን ያህል ቆመው የተከበሩ ሽማግሌዎች በዋይሊ ታሪክ አይኖሩም እያልኩ ለልጆቼ የማስረዳውን ሁሉ ማሰናዳት ጀመርኩ።

ስልኬ ደግሞ ጮኸ። «አቶ ለማ ጉልበቱን አመመው መሰለኝ። ግድግዳውን ተደገፈ።»

ቀጥሎ «ኦ ማይ ጋድ።»

ቀጥሎ ምንም።

በሩ ተከፈተ። አቶ ዘውዴ ከፊት፣ ሽማግሌዎቹ ጎን ለጎን እየሄዱ ከኋላ፣ ማህሌት አፏን በእጇ ይዛ ከሁሉም ኋላ። በክብር ልቀበላቸው ከቫኑ ዘልዬ ወረድኩ። ዘልዬ የወረድኩት እኔ ብቻ ነኝ፤ ጫማዎቼ ቀሩ። አስፋልቱ ያቃጥላል። በካልሲ፣ አንዱን እግሬን ባንዱ እያፈራረቅኩ፣ እንደሚያሸበሽብ ሰው እጅ ነሳሁ።

«ጫማህ የታለ?» አሉኝ አቶ ዘውዴ።

«አወለቅኩ፣ ጋሼ። ለቤቱ ክብር ብዬ።»

«ከመንገድ ጀምሮ?»

አልፈውኝ ወደ ቫኑ አንገታቸውን አስገቡ። የተጣበቁትን ኮቶች አዩ። ጫማዎቼን አዩ። አሸተቱ። ወለሉን በአውራ ጣታቸው ጫን አደረጉና ጣታቸውን ወደ ብርሃን አንስተው ተመለከቱት። ቀና ሲሉ ፊታቸው ፈተና እንደሚያርም ሰው ሆኗል።

«ስንት ኮት ነው?»

«ሁለት» አልኩ።

«አራት» አሉ ጋሽ ተፈራ።

ቀሲስ በጋቢያቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳል የመሰለ ነገር ሳሉ። ጋሽ ተፈራ ግን አልሳቁም። እኔን አዩኝ፤ አቶ ዘውዴን አዩ፤ ደግሞ እኔን አዩኝ። ሁለት ኮት ማለት ምን ማለት እንደነበረ ያኔ ገባቸው። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

«ገና ውሉ ሳይጻፍ አቶ ለማ ግድግዳዬ ላይ ማኅተም አሳርፈውበታል» አሉ አቶ ዘውዴ። አቶ ለማ የራሳቸውን ጫማ ማጥናት ጀመሩ። «የመጣችሁበትን ጉዳይ ሰምቻለሁ። መልሱን ዛሬ አልሰጥም። አንተ ቅዳሜ ነጭ ቀለም ይዘህ ና። ልጄን የሚጠይቅ ሰው መጀመሪያ ስስ አድርጎ መቀባት ይማር።»

ያን ሳምንት ክፍል ውስጥ ስለ ምንም ነገር በሙሉ ልብ አላስተማርኩም። ዘይትና ውሃ የሚል ቃል ባነሳሁ ቁጥር ጆሮዬ ይግል ነበር።

ቅዳሜ ሄድኩ። አቶ ዘውዴ ወንበር ስበው ከኋላዬ ተቀመጡ። የአቶ ለማ ማኅተም ግድግዳው ላይ እንደ ሁለት ጎን ለጎን ጨረቃ ጉብ ብሎ ይጠብቀኛል። መጀመሪያ ጥቁሩን ፋቅሁ፤ ቦታውን አጠብኩ፤ ደግሜ አጠብኩ፤ እስኪደርቅ ጠበቅኩ። ከዚያ ቀባሁ። ብሩሹን ሁለተኛ ነክሬ ስመለስ ከኋላዬ «ስስ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ብሩሹን በጠርዙ አራገፍኩ።

«ቀለም ሲደርቅ እኮ፣ ጋሼ፣ መጀመሪያ ውስጡ ያለው ውሃ...»

ማህሌት ሻይ ይዛ ስታልፍ እግሬን ረገጠችኝ።

«መምህር» አሉ አቶ ዘውዴ፣ «እየተቀባ አይወራም።»

ዝም ብዬ ቀባሁ። እየደረቀም ዝም አልኩ፤ ሁለተኛውን ስደርብም ዝም አልኩ። ጨርሼ ዕቃዬን ስሰበስብ ተነሥተው ግድግዳውን በመዳፋቸው ዳሰሱት። መዳፋቸውን አዩት። ነጭም ጥቁርም አልያዘም።

«ሽማግሌዎቹን መልሰህ ላካቸው» አሉኝ። «በዚህኛው ግን ይቀመጣሉ በላቸው።»

ማህሌት ወጥ ቤት ውስጥ አንድ ነገር ጥላ ሰበረች። እኔ ብሩሹን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ፤ ምን ማለት እንደሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ ማንም ሳያስረዳኝ ገባኝ።

ዜናውን ይዤ ሌክ ሃይላንድስ ስደርስ ጋሽ ተፈራ ቫናቸው ውስጥ ሹፌሩ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ቅቡ እስከዚያ ደርቋል፤ ድንጋይ ሆኗል። ኮቶቹም አብረውት ደርቀዋል። የኋላዎቹን በመጋዝ ቢላዋ ቆርጠው አውጥተዋቸዋል፤ የአቶ ለማ ወንድም እስካሁን አያናግረኝም። የፊተኛው ግራጫ ኮት ግን እንዳለ ነው። ጀርባው መደገፊያው ላይ፣ እጅጌዎቹ በግራና በቀኝ ወርደው፣ ሰው ተደላድሎ የተቀመጠ ይመስላል። ሙሉውን ሳልጎዳ የማላቀቅበትን ዘዴ አጥንቼ፣ ለስላሳ መፋቂያና የሚያለሰልስ ፈሳሽ ገዝቼ መጥቻለሁ። በሩን ከፈትኩና ጫፉን በጥንቃቄ መፋቅ ጀመርኩ።

«ተወው» አሉ።

«ይወጣል እኮ፣ ጋሽ ተፈራ፤ ፈሳሹ መጀመሪያ ቅቡን...»

«ተወው አልኩህ። አስካለ በሕይወት እያለች ይሸታል ብላ አንድ ቀን አልገባችበትም። ስንት ዓመት ለመንኳት። አሁን ይኸው ገብታ ቁጭ ብላለች፤ አንተ ደግሞ መፋቂያ ይዘህ ልታስወርዳት መጣህ።»

መፋቂያውን ኪሴ ከተትኩ። «እሺ አሉኝ፤ አቶ ዘውዴ እሺ አሉኝ» አልኩ።

ፈገግ አሉና ሞተሩን አስነሡ። «ታዲያ ለምን ለኔ ትነግረኛለህ? ለእሷ ንገራታ! መጀመሪያ ግን ቀበቶዋን እሰርላት፤ ስትሰማ ትዘላለች።»

ቀበቶውን ስቤ፣ በግራጫው ኮት ደረት ላይ አሳልፌ፣ ቀጭ እስኪል አሰርኩላት።